አህያ የለካችው ኩሬና ቀበሮ የሣለችው ክብ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ቶሎ በሚያልቅበት ቆላ ውስጥ፣ መለካት የምትወድ አህያ ነበረች። ሌሎቹ አህዮች አመድ ላይ ሲንከባለሉ እሷ ትቆጥራለች። ሌሎቹ ጥላ ሲፈልጉ እሷ ትለካለች። «ምን ያደርግልሻል?» ሲሏት «አንድ ቀን ይጠቅማል» ትላለች እንጂ ሌላ መልስ አልነበራትም።

በቆላው መካከል አንድ ኩሬ ነበር። አንበሳውም፣ ጅቡም፣ ድኩላውም፣ ጅግራውም የሚጠጣው ከዚያው ነው። አህያ በየሰባት ቀኑ ማለዳ ተነሥታ፣ ኩሬው ዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ትወጣና በጥርሷ የያዘችውን ሸምበቆ እስከ ታች ትሰደዋለች። መልሳ አውጥታ እርጥብ የሆነውን በኮቴዋ ትለካለች። ክረምቱ እንደ ወጣ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ውሃው አሥራ ሁለት ኮቴ ነበር።

የለካችውን የምታሰፍረው ዋርካው ሥር ባለ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። ድንጋዩን በኮቴዋ ፍቃ ወደ ታችም ወደ ጎንም መስመር አስምራበታለች። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሳምንት፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓምድ የውሃውን ጥልቀት፣ በቀሩት ዓምዶች ደግሞ እያንዳንዱ የአውሬ ወገን በሳምንቱ ስንት ጊዜ እንደ ጠጣ በጠጠር ታኖራለች። አንዲት ጠጠር ተሳስታ አታውቅም። ነፋስ እንኳ ቢያንከባልልባት የየቷ ቦታ እንደ ነበረች ታውቃለች።

አህያ አሮጊት እናት ነበረቻት። ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ልጅቱ ሣር ታመጣላታለች፣ ወደ ኩሬው እየመራች ታጠጣታለች።

ከተራራው ማዶ፣ የአራት ቀን መንገድ ርቆ፣ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ወንዝ አለ። በመንገዱ ላይ ሦስት ጉድጓዶች የዝናብ ውሃ ያቁራሉ። ታኅሣሥ እስኪጋመስ ይቆያሉ፤ ከዚያ በኋላ ይደርቃሉ። ስለዚህ ወደ ወንዙ መሄድ የሚፈልግ ጉድጓዶቹ ሳይደርቁ መነሣት ነበረበት።

ኅዳር ሲያልቅ አንበሳ አውሬውን ሁሉ ዋርካው ሥር ሰበሰበና አህያን ወደ ፊት ጠራት።

«አሥር ሳምንት ሙሉ ኩሬውን ስትለኪ ከርመሻል» አላት። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እዚሁ እንባጅ ወይስ ወደ ወንዙ እንሂድ?»

«ጃንሆይ፣ ሁሉም እዚህ አለ» አለችና ወደ ድንጋዩ አመለከተች።

አንበሳ ቀረብ ብሎ አየ። ረድፍ አየ። ዓምድ አየ። ጠጠር በጠጠር ላይ አየና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«እኔ ጠጠር አላነብም። የሚታይ ነገር አድርጊልኝ። በሦስተኛው ቀን በሥዕል ታሳዪኛለሽ፤ ያን ጊዜ እወስናለሁ።»

አህያ ከፋት። ሥዕል ለእሷ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው። ፀሐይ እየጠበሳት፣ ቁር እያንዘፈዘፋት የለቀመችው ቁጥር እያለ ሥዕል የሚጠይቅ ንጉሥ ምን ዓይነት ንጉሥ ነው? እንዲህ እያሰበች ስትመለስ ቀበሮ መንገድ ላይ አገኘቻት።

«እትዬ አህያ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ? ኮቴ ለሥዕል አይመችም ብለሽ ነው? የእኔ ጥፍር ቀጭን ነው። አንቺ ቁጥሩን ስጪኝ፣ እኔ ልሣልልሽ።»

ልብ በሉ፣ ቀበሮ ይህን ያለችው ለአህያ አዝና አይደለም። ጉድጓዷ ኩሬው አጠገብ ነበር። ጅግሮች ከነጫጩቶቻቸው ውሃ ሊጠጡ ሲመጡ ምሳዋ በደጇ ይመጣላት ነበር። አገሩ ሁሉ ተነሥቶ ከሄደ ግን ለምሳዋ ልትሮጥ ነው።

«ቁጥሬን እንዳትለውጪብኝ» አለች አህያ።

«አንዲት ጠጠር ብለውጥ ጆሮዬ ይቆረጥ።»

አህያም እፎይ ብላ ሄደች። ቁጥሩ ካልተለወጠ ሥዕሉ ምን ሊያመጣ ይችላል? ቀበሮም እንደ ቃሏ አንዲት ጠጠር አልለወጠችም።

በሦስተኛው ቀን አውሬው ሲሰበሰብ መሬቱ ላይ ትልቅ ክብ ተሥሎ ጠበቀው። ክቡ ከመካከሉ ወደ ዳር ተከፋፍሏል፤ አንዱ ክፍል በቀይ አፈር፣ አንዱ በከሰል፣ አንዱ በአመድ፣ አንዱ በቢጫ ሸክላ፣ የቀሩትም በየቀለማቸው ተሞልተዋል። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር በዚያ ቆላ ታይቶ አይታወቅም።

«ጃንሆይ፣ ክቡ በአሥሩ ሳምንት የጠጣነው ውሃ ነው» አለች ቀበሮ። «ቀዩ የርስዎ ቤተ ሰብ ድርሻ ነው። ከሁሉ ይሰፋል።»

አንበሳ ጎፈሩን ነቀነቀ።

«የኔስ የቱ ነው?» አለ ጅብ እየተጋፋ።

«ጥቁሩ፣ አያ ጅቦ።»

«ከድኩላ ይበልጣል?»

«በጣም ይበልጣል።»

ጅብ በደስታ ሳቀና ድርሻው የሚበላ መስሎት ከሰሉን ላሰ። አፉ ጠቆረ። አውሬው ሁሉ ሳቀ፤ አህያም ጭምር ሳቀች። 

«ታዲያ» አለ አንበሳ፣ «ውሃ የጎደለበት ወገን አለ?»

«ይመልከቱ ጃንሆይ። ክቡ ላይ ባዶ ቦታ ይታይዎታል?»

«አይታየኝም። ሙሉ ነው።» አንበሳ ወደ አህያ ዞረ። «አንቺ የለካሽው፣ ይህ ሥዕል ከጠጠሮችሽ ጋር ይስማማል?»

አህያ ቀረበች። ቀዩን ከአንበሳ ዓምድ፣ ጥቁሩን ከጅብ ዓምድ፣ አመዱን ከድኩላ ዓምድ ጋር አስተያየች። ሁሉም ልክ ነው። ግን አንድ ነገር እንደ እሾህ ወጋት፤ የመጀመሪያው ዓምድ፣ የውሃው ጥልቀት፣ ከክቡ ውስጥ የለም። አሥራ ሁለት የነበረው ስምንት መድረሱን ክቡ አያሳይም። ይህን ልትል አፏን ከፈተች። ነገር ግን የተጠየቀችው ይስማማል አይስማማም ተብላ ነው። በልክነቷ የምትኮራ አህያ ልክ የሆነውን ነገር ልክ አይደለም እንዴት ትበል?

«ይስማማል፣ ጃንሆይ።»

«እንግዲያው እዚሁ እንባጃለን» አለ አንበሳ። ጉባኤው ተበተነ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። የዚያ ቆላ ውሃ ግን እያሳሳቀ ሄደ። ፀሐዩ በረታ፣ ነፋሱ ደረቀ። በታኅሣሥ መጀመሪያ አህያ ሸምበቆዋን ስታወጣ ሰባት ኮቴ አገኘች። በሰባተኛው ቀን ስድስት። መጀመሪያ ላይ አንድ ኮቴ ለመቀነስ ሦስት ሳምንት የፈጀው ውሃ አሁን በሳምንት አንድ ኮቴ ይወርዳል።

የዚያን ቀን ድንጋዩ ላይ ቆማ ሳለች የክቡ ነገር ገባት። ክብ ማን ምን ያህል እንደ ወሰደ እንጂ ምን ያህል እንደ ቀረ አይናገርም። ኩሬው ውስጥ አንድ ጉንጭ ውሃ ብቻ ቢቀር እንኳ ያንን አንድ ጉንጭ የተካፈሉት ክብ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ንጉሡ የጠየቀው «እንሂድ ወይስ እንቀመጥ» ነበር። የተሰጠው መልስ «ማን ስንት ጠጣ» ነው። እሷም ይስማማል ብላ አትማበታለች።

ሮጣ አሸዋ ላይ መሣል ጀመረች። አሁን ምንም እንዳይቀር ብላ የውሃውን ጥልቀት በመስመር፣ የአንበሳን አጠጣጥ በመስመር፣ የጅብን፣ የድኩላን፣ የጅግራን፣ የዝንጀሮን፣ የከርከሮን፣ ዓምዱን ሁሉ በመስመር አወጣች። መስመሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ተቋረጠ፣ ተጠላለፈ። ስትጨርስ አንበሳን ጠርታ አመጣችው። ጅብና ቀበሮም ተከትለው መጡ።

አንበሳ አሸዋውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ይህ ምንድን ነው? የሸረሪት ድር?»

«ጃንሆይ፣ አንዱ መስመር ውሃው ነው። እየወረደ ነው። ቶሎ ካልተነሣን…»

«የቱ ነው ውሃው?»

አህያ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ፈለገች። ይህ ነው ስትል የከርከሮ ሆነባት። ያ ነው ስትል ዝንጀሮን አቋርጦ ጠፋባት። በገዛ ሥዕሏ ውስጥ ውሃውን አጣችው። 

«እኔ ክቡን እወደዋለሁ» አለ ጅብ። «ክቡ ላይ እኔ አለሁ። እዚህ ላይ የለሁም።» በመስመሮቹ ላይ ተራምዶ አለፈ።

ቀበሮ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «ጃንሆይ፣ እትዬ አህያ ደክሟታል። እንድታርፍ ይዘዙላት» አለች።

«ዕረፊ» አለ አንበሳ። ተነሥቶ ሄደ።

አህያ በአሸዋው ላይ ብቻዋን ቀረች። ጅብ የረገጠበት ላይ የእግሩ ዳና ከመስመሮቹ ይልቅ ጎልቶ ይታይ ነበር። በዚያው ሳምንት ታኅሣሥ ተጋመሰ፤ በመንገዱ ላይ ያሉት ሦስቱ ጉድጓዶችም ደረቁ።

ከዚያ በኋላ አህያ መለካት አላቆመችም፤ ለማን እንደምትለካ ግን አታውቅም ነበር። አምስት ኮቴ። አራት። ሦስት። ጥር ገባ። ኩሬው ዳር ዳሩን ተሰነጣጠቀ። ጅግሮቹ አለቁ፤ ቀበሮም ከጉድጓዷ ከጠፋች ሰንብታለች። የት እንደ ሄደች የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ማለዳ እናቷ ሣሩን ሳትነካ ጠበቀቻት።

«ልጄ፣ ስንት ቀን ሙሉ ትተነፍሻለሽ እንጂ አትናገሪም። ምን ሆነሻል?»

«ውሃው ሊያልቅ ነው፣ እማዬ። ለንጉሡ ባሳየውም አልገባው አለ።»

«እስቲ ለእኔ አሳዪኝ።»

«አንቺማ አታዪም።»

«ስለማላይማ ነው። ለዕውር የሚገባ ከሆነ ለንጉሥም ይገባዋል። ሁሉን አትንገሪኝ፣ ውሃውን ብቻ ንገሪኝ።»

 አህያ ደረቅ እንጨት በጥርሷ ትሰብር ጀመር። ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ እንጨት፣ ቁመቱ የዚያን ሳምንት ውሃ ያህል። አሥራ ስድስት እንጨት ሰብራ፣ ከመስከረም ጀምራ እኩል እኩል እያራራቀች በአንድ ረድፍ ተከለችው። የአንበሳን አልተከለችም። የጅብን አልተከለችም። ውሃውን ብቻ ተከለች። እናቷንም መርታ ከመጀመሪያው እንጨት ፊት አቆመቻት።

አሮጊቷ አፍንጫዋን ጫፉ ላይ አሳርፋ መራመድ ጀመረች።

«ይሄ አገጬ ጋ ነው» አለች። ጥቂት ሄዳ፣ «ይሄ ደረቴ ጋ ነው።» ሌላም ጥቂት ሄደች፤ አንገቷ ዝቅ፣ ዝቅ አለ። «ጉልበቴ ጋ ደረሰ። ልጄ፣ ይሄ ቁልቁለት ነው። እየባሰበት ይወርዳል።» የመጨረሻው እንጨት ላይ አፍንጫዋ አፈር ሊነካ ትንሽ ቀረው። ወደ ፊት ዘረጋችው። «ቀጥሎ ያለውስ የት አለ?»

«ቀጥሎ እንጨት የለም፣ እማዬ።»

«አፈር ብቻ?»

«አፈር ብቻ።»

አሮጊቷ ቀስ ብላ ቀና አለች። «ይህን ለንጉሡ አሳይተሽዋል?»

«ይህንንስ አላሳየሁትም።»

«ምነው?»



አህያ አንበሳ ካለበት ድረስ እያናፋች ሮጠች። አንበሳ ሊቆጣት ተነሥቶ ተከተላት። እንጨቶቹን ሲያይ ቆመ። ማንም ምንም ሳይነግረው ከረጅሙ እንጨት ጀምሮ ወደ አጭሩ በዝግታ ሄደ። መጨረሻው ላይ ደርሶ ከፊቱ ያለውን ባዶ አፈር ተመለከተ። ከኋላው ጅብ መጣ። ጅብ እንኳ፣ ያ ጅብ እንኳ፣ ከመጨረሻዋ እንጨት ፊት ቆሞ፣

«አለቀ እንዴ?» አለ።

«ኅዳር ላይ ብትተክዪው ይህ ነገር ስንት እንጨት ይሆን ነበር?» አለ አንበሳ።

«አሥር፣ ጃንሆይ።»

«ቁልቁለቱ ይታይ ነበር?»

«ይታይ ነበር።»

«ያኔ ለምን አላሳየሽኝም?»

«ቁጥሩ ይበቃል ብዬ ነው።»

በጥፊ ይመታኛል ብላ ጠበቀች። ቢመታት ይሻላት ነበር። አንበሳ ግን አልተቆጣም፤ «ነገ ሲነጋ እንነሣለን» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ሲነጋ ተነሡ። በመጀመሪያው ጉድጓድ የጠበቃቸው የተሰነጠቀ ጭቃ ነበር። እዚያው ሁለት የድኩላ ግልገሎች ተኝተው ቀሩ። እናታቸው ትንሽ ቆማ፣ ዙሪያቸውን ዞራ፣ መንጋውን ተከተለች። በሁለተኛው ጉድጓድ ጭቃም አልነበረም። በዚያ የአህያ እናት ጉልበቷ ተጠለፈና ተንበረከከች።

«ተነሺ፣ እማዬ። ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረው።»

«ሁለት ቀን ለእኔ ብዙ ነው።»

«ልደግፍሽ።»

«ድጋፍ ለሚቆም ነው።» አሮጊቷ ጆሮዋን አቀና አደረገች። «ከኋላ የሚመጣው አያ ጅቦ ነው?»

«ነው።»

«ቀርቧል?»

አህያ ዞር ብላ አየች። ጅብ አልቸኮለም። ከጉድጓዱ ማዶ ተቀምጦ ከንፈሩን እየላሰ ይጠብቅ ነበር።

«አልቀረበም፣ እማዬ። ሩቅ ነው።»

በሕይወቷ ሐሰተኛ ልኬት ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። አሮጊቷ ግን አፍንጫዋ እንደ ዓይኗ አልጠፋም፤ ሽታውን ታውቀዋለች። ልጇን ሳታሳፍር፣

«እንግዲያው ሩቅ ሳለ ሂጂ» አለቻት።

አህያ ሄደች። ዞራ አላየችም። የአህያ ጆሮ ግን ረጅም ነው፤ ሁሉንም ሰማች።

ከቆላው ከተነሣው አውሬ እኩሌታው እንኳ ወንዙ ዘንድ አልደረሰም። የደረሱት በሆዳቸው ተኝተው ጠጡ። አንበሳ የጎድኑ አጥንት ይቆጠር ነበር፤ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። አህያ ከሁሉ ኋላ ደረሰች። ወንዙ ዳር፣ አዲስ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ ቀበሮ ወፍራ ተቀምጣለች።

«እትዬ አህያ፣ እንኳን በደኅና ገባሽ!»

«መቼ መጣሽ?»

«ታኅሣሥ ላይ። ጉድጓዶቹ ሳይደርቁ።»

«ውሃው እንደሚያልቅ ታውቂ ነበር?»

«አንቺ የለካሽውን እንዴት አላውቅም? ቁጥሩን የሰጠሽኝ ራስሽ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን ክብ ሣልሽ?»

«ክቡ ውሸት ነበረበት?» አለች ቀበሮ፣ የእውነት ያላወቀች መስላ። «ማን ስንት እንደ ጠጣ ሣልኩ፤ ልክ አድርጌ ሣልኩ። ስለ ጥልቀቱ ያነሣ ከጉባኤው አንድም አልነበረም። የለካሽው አንቺ፣ ዝም ያልሽው አንቺ። እኔን ምን አድርጊ ነው የምትዪኝ?»

 አህያ ቀበሮ ትዋሻለች ብላ ጠብቃ ነበር፣ ቀበሮ ግን አልዋሸችም። የምትከሳት ነገር ቢኖራት ኖሮ እንዴት ባረፈች። ግን በዞረችበት ሁሉ የምታገኘው ራሷን ነው።

ወደ ወንዙ ወርዳ አፏን ነከረች። ላትጠጣ ፈልጋ ነበር። ጉሮሮዋ አልሰማትም፤ ሆዷ እስኪነፋ ጠጣች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ ይጣፍጥም ነበር። መጣፈጡን ጠላችው።

ከዚህ የምንማረው፣ እውነተኛ ቁጥር መያዝ ብቻውን እንደማያድንና፣ ለተጠየቀው ጥያቄ የሚስማማውን ሥዕል መርጦ በጊዜው ያላሳየ ሰው እውነቱን በእጁ ይዞ ወገኑን እንደሚያስጨርስ ነው።